ማሽኑ ሥራ መሃል ምስሉን ሲያሸሽ፦ ሞተር ከመግዛትህ በፊት

ጥያቄው፦ «ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል እንጨት እቀርጻለሁ። ያለኝ 30 በ18 ሴንቲሜትር የሚሠራው ትንሹ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቅረጫ) ማሽን ነው። በዋንዛ ላይ መስቀልና የስም ሰሌዳ አወጣበታለሁ። መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። አሁን ግን ሥራው ሲጋመስ ምስሉ ይሸሻል። ከላይ ያለው ልክ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ሦስት ሚሊሜትር ያህል ተንሸራቶ ይገኛል። አንዳንዴ ወደ ቀኝ ነው፣ አንዳንዴ ወደ ግራ። ኮምፒውተሩም አልፎ አልፎ ግንኙነቱ ተቋርጧል ይላል። አንድ ጠጋኝ ቦርዱ ነው ብሎኝ ቀየርኩ፤ ያው ነው። አሁን ደግሞ ሞተሮቹን ቀይር እየተባልኩ ነው። ልቀይር ወይ?»

አትቀይር ወንድሜ። ቢያንስ አሁን አትቀይር። ለቦርዱ ያወጣኸው ገንዘብ ይበቃል።

ማሽንህን የሚያንቀሳቅሰው ስቴፐር ሞተር፣ ማለትም በእርምጃ በእርምጃ የሚዞረው ሞተር፣ በቀላሉ የሚበላሽ ዕቃ አይደለም። ብሩሽ የለውም። ውስጡ የሚያልቅ ነገር ቢኖር ኩሽኔታው ነው። አንዱ መጠምጠሚያ ከተቃጠለ ወይም ሽቦው ከተበጠሰ ሞተሩ ባለበት እየተንቀጠቀጠ ይጮኻል እንጂ በትክክል አይዞርም። ግማሽ ሰዓት ልክ ሠርቶ፣ አንዴ ዘሎ፣ ከዚያ እንደገና ልክ የሚሠራ ሞተር በአብዛኛው ደህና ሞተር ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

የት እንደሆነ የሚነግርህ ደግሞ የተበላሸው እንጨት ራሱ ነው። ብዙ ሰው ይናደድና ወደ ማገዶ ይወረውረዋል። እኔ ግን ማሽን ለጥገና ሲመጣልኝ ከማሽኑ በፊት የምጠይቀው የተበላሸውን ሥራ ነው። ቦርድ ከመፍታት ይልቅ እንጨት ማንበብ ይቀላል፤ ወጪም የለውም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁንልህ። ይህ ማሽን የት እንዳለ አያውቅም። ቦርዱ ለሞተሩ «አንድ እርምጃ ሂድ» የሚል ምት ይልካል። ሞተሩ መሄድ አለመሄዱን የሚያይበት ዓይን ግን የለውም። የአንተ ዓይነት ማሽን ላይ ሞተሩ አንድ ዙር ለመዞር 200 እርምጃ ይፈልጋል። ድራይቨሩ፣ ማለትም ቦርዱ ላይ ሞተሩን የሚነዳው ቺፕ፣ እያንዳንዱን እርምጃ ለ16 ይከፍለዋል። 3200 ምት ማለት ነው። ሞተሩ የሚያዞረው ባለ ጥርስ ዘንግ ብዙ ጊዜ በአንድ ዙር 4 ሚሊሜትር ይገፋል። ስለዚህ ለአንድ ሚሊሜትር 800 ምት ይላካል። ከእነዚህ ውስጥ የተወሰኑት በመንገድ ቢጠፉ ቦርዱ አይሰማም። ከዚያች ነጥብ ጀምሮ ያለው ሥራ ሁሉ ተንሸራቶ ይቀጥላል።

አሁን እንጨቱን ብርሃን ወዳለበት አውጣው።

መሸሹ ቀስ በቀስ ከሆነ፣ ማለትም ቀጥ ማለት ያለበት መስመር እንደ ጋደለ ጽሑፍ ከሆነ፣ የሚጠረጠረው ሞተሩንና ዘንጉን የሚያገናኘው ማያያዣ ነው፤ ወይም የሚግል ድራይቨር ነው። ምስሉ ቦታውን ሳይለቅ ክቡ ብቻ ዶሮ ዕንቁላል ከመሰለ፣ ወይም መስመሩ ተነሥቶ ወደ ጀመረበት ሲመለስ ሳይገጥም ከቀረ፣ ዘንጉ ላይ ያለው ዳዶ ላልቷል፤ ሲሄድና ሲመለስ ይላወሳል። ምስሉ እንዳለ ተልቆ ወይም አንሶ ከወጣ ደግሞ የምቱ ቁጥር ተሳስቷል። ይህን የመጨረሻውን ልብ በል፤ ቦርድ ስለቀየርክ ኋላ እመለስበታለሁ።

ያንተ ከእነዚህ አይደለም። ያንተ በአንድ ጊዜ ይዘላል፤ አንዴ ቀኝ አንዴ ግራ። የላላ ዳዶ እንዲህ አያደርግም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። ሦስት ሚሊሜትር ማለት 2400 ምት ነው፤ የዘንጉ ሦስት ሩብ ዙር። ስቴፐር ሞተር ከብዶት ሲስት ብዙ ጊዜ የሚስተው በአራት ሙሉ እርምጃ ነው። በዚህ ዘንግ ላይ ይህ 0.08 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሦስት ሚሊሜትር ለመድረስ ከሠላሳ ጊዜ በላይ በተከታታይ መሳት ይኖርበታል። ይቻላል፤ ግን ያኔ የሚያንቋርር ድምፅ ትሰማለህ። አሁን ደግሞ በሌላ በኩል እየው። ማሽኑ በደቂቃ 500 ሚሊሜትር የሚሄድ ከሆነ ሦስት ሚሊሜትር ለመሄድ የሚፈጅበት ጊዜ ከግማሽ ሰከንድ ያነሰ ነው፤ 0.36 ሰከንድ። ሞተሮቹ ለዚያች ጊዜ ብቻ ኃይል ቢያጡና ቦርዱ ግን ሥራውን ቢቀጥል፣ በትክክል ያንተን ዓይነት መዝለል ታገኛለህ። ወደ ግራ እየሄደ ሳለ ከሆነ የተቀረው ምስል ወደ ቀኝ ይቀራል፤ ወደ ቀኝ እየሄደ ከሆነ ወደ ግራ።

«መብራት ከጠፋ ሁሉም ይጠፋል እንጂ ቦርዱ እንዴት ይቀጥላል?» ትለኝ ይሆናል። መልሱ ላፕቶፕህ ላይ ነው። ሞተሮቹ የሚበሉት ከአዳፕተሩ የሚመጣውን 24 ቮልት ነው። ትእዛዝ የሚሰጠው ቺፕ ግን 5 ቮልቱን ከዩኤስቢ ገመዱም ያገኛል። ላፕቶፑ ባትሪ አለው። መብራት ብልጭ ሲል ሞተሮቹ ይሞታሉ፤ አንጎሉ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ መቁጠሩን ይቀጥላል። መብራቱ ወዲያው ሲመለስ ሞተሮቹ ካሉበት ተነሥተው ይሄዳሉ። አንተ ቡና ልታፈላ ዞር ብለህ ከነበር ምንም አታይም። የምታየው በኋላ የተንሸራተተውን መስቀል ነው።

ይህን የሚያረጋግጥ ምልክት እንጨቱ ላይ ፈልግ። ሥራው ጥልቀቱ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ምስሉ በዘለለበት መስመር ላይ ጥልቀቱም አብሮ ተቀይሮ እንደሆነ እይ። ጎኑም ጥልቀቱም በአንድ ቦታ ከተቀየሩ ሁሉም ሞተሮች በአንድ ጊዜ ኃይል አጥተዋል፤ ነገሩ የኃይል ችግር ነው። ጎኑ ብቻ ተቀይሮ ጥልቀቱ ንክች ካላለ የዚያን የአንዱን አቅጣጫ ሞተር፣ ገመድና ማያያዣ እንመረምራለን።

ኃይል ነው ብለን እንቀጥል፤ በጻፍከው መሠረት እኔ ወደዚያ አደላለሁ። ግን መብራት ኃይልን ከመውቀስህ በፊት የራስህን ጠረጴዛ እይ። የአዳፕተሩ ጫፍ ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ይላወሳል? ዲቫይደሩ ላይ ሶኬቱ ጠብቆ ይገባል ወይስ በክብደቱ ብቻ ነው የተንጠለጠለው? ማሽኑ ሲሠራ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፤ የላላ መገናኛ ደግሞ መንቀጥቀጥ አይወድም። መፈተኛው ቀላል ነው። ማሽኑን በምታዝበት የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ በትእዛዝ መስኮቱ ላይ፣ $1=255 ብለህ ጻፍ። ይህ ሞተሮቹ ሥራ ባይኖራቸውም እንዲጨብጡ ያደርጋል። ማሽኑን ትንሽ አንቀሳቅስና ጨብጦ ሲቆም የአዳፕተሩን ጫፍ፣ ከዚያ ሶኬቱን፣ ከዚያ ዲቫይደሩን በተራ ነካካ። ሞተሮቹ ጠቅ የሚል ድምፅ ካሰሙ ወይም መጨበጡን ከለቀቁ ችግሩን አገኘኸው። አዲስ ዲቫይደር ከቦርድ ጋር የሚወዳደር ዋጋ የለውም።

ያች 255 ለሌላም ትጠቅማለች። በብዙ ማሽን ላይ ከፋብሪካ የምትመጣው ቁጥር 25 ናት። ሞተሩ እንደቆመ ይለቅቃል ማለት ነው። ሥራ መሃል አቁመህ ፑንታ ስትቀይር በእጅህ ትንሽ ብትገፋው ዘንጉ ይዞራል፤ ምስሉም ይሸሻል። አንተ ላይ ምስሉ የሚሸሸው ፑንታ ከቀየርክ በኋላ ከሆነ ሌላ ምንም አትፈልግ፤ ይኸው ነው።

መገናኛው ሁሉ ጥብቅ ከሆነ የመብራት መስመሩን ጠርጥር። በአዲስ አበባ የድሮ ግቢዎች ብዙ ቤት አንድ ቆጣሪ ይጋራል። ሽቦው ቀጭንና ያረጀ ነው። የእንጀራ ምጣድ ወደ 3500 ዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ነው። ጎረቤት ምጣድ ስትጥድ፣ ወይም አጠገብህ ብየዳ ቤት ካለ ኤሌክትሮድ ሲነካ፣ ያንተ ሶኬት ላይ ያለው ቮልቴጅ ይወርዳል። ደህና አዳፕተር ይህን ይችለዋል። ርካሹ ግን ሞተሮቹ ሦስቱም እየሠሩ ስፒንድሉ (ፑንታዋን የሚያዞረው ሞተር) እንጨት ሲነክስ አይችለውም። ሁለት ነገር አድርግ። በዚያው ዲቫይደር ላይ የድሮውን ባለ ክር አምፖል ሰካ። ኤልኢዲው መዋዠቁን ይደብቅሃል፤ የክሩ አምፖል ግን ፈዘዝ ሲል በዓይንህ ታያለህ። ሁለተኛ፣ የዘለለበትን ሰዓት እንጨቱ ጀርባ ላይ በእርሳስ ጻፍ። ሰዓቱ ሁልጊዜ እንጀራ ከሚጋገርበት ጋር ከገጠመ ሥራህን ወደ ሌላ ሰዓት አዙረው። እስከዚያው ገንዘብ አጠራቅም።

ገንዘቡ ለዩፒኤስ ነው፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪው ለሚተካው ዕቃ። ለስታቢላይዘር አይደለም። ስታቢላይዘር የወረደ ቮልቴጅ ያነሣል እንጂ የጠፋ መብራት አይተካም፤ ባለ ሪሌው ዓይነት እንዲያውም ሲቀያየር ራሱ ለቅጽበት ይቆርጣል። ማሽንህ 24 ቮልት በ5 አምፔር ከሆነ ከ120 ዋት ብዙም አይበልጥም። ለቢሮ ኮምፒውተር የሚሸጠው ትንሹ ዩፒኤስ ይሸከመዋል። ሥራውን እንዲጨርስልህ አይደለም። ብልጭ ድርግም የሚለውን እንዲያሻግርህ፣ መብራቱ ጭራሽ ከሄደ ደግሞ ማሽኑን በሥርዓት ለማቆም ጊዜ እንዲሰጥህ ነው። በጂአርቢኤል (ቦርዱን በሚመራው ሶፍትዌር) የሚሠራ ቦርድ ላይ የቃለ አጋኖ ምልክት (!) ስትልክ ቦታውን ሳይስት ይቆማል። ከፋይሉ የትኛው መስመር ላይ እንደነበር ጻፍ። መነሻ ነጥብህን ደግሞ ሁልጊዜ በዓይን የሚታይ ቦታ አድርግ፤ እንጨቱ ጥግ ላይ በፑንታዋ ጫፍ ትንሽ ቀዳዳ ንካ። መብራት ሲመጣ ጫፏን ወደዚያ ቀዳዳ መልሰህ ዜሮ ትላለህ። ከመሃል ስትጀምርም የስፒንድሉን ማስነሻ፣ ፍጥነቱንና ሚሊሜትር መሆኑን መጀመሪያ ላክ። እነዚህ በፋይሉ አናት ላይ ስለሆኑ ከመሃል ስትነሣ ይቀራሉ።

ይህ ሁሉ ግምት ነው እንዳትል የሚከተለውን ሙከራ አድርግ። እኔ ከምንም በላይ የምተማመነው በዚህ ነው።

ያንኑ የሸሸብህን ፋይል በሦስት ደረጃ አስኪደው። በመጀመሪያው ዙር ስፒንድሉን አጥፋ፤ በፑንታዋ ቦታ እስክሪብቶ እሰር፤ ከታች ወረቀት አንጥፍ። ማሽኑ ሙሉ ሰዓቱን ይሣል። ሲጨርስ ወደ መነሻው እንዲመለስ እዘዘውና ጫፉ ምልክትህ ላይ በትክክል መቀመጡን እይ። በሁለተኛው ዙር ስፒንድሉን አስነሣ፤ ፑንታዋ ግን አየር ላይ ትሂድ፤ እንጨት አትንካ። እንደገና ወደ መነሻው መልሰው። በሦስተኛው ዙር በእንጨት ላይ አሠራው። እንጨቱ ቁራጭ ይሁን፤ የደንበኛ ሥራ አይሁን።

በእስክሪብቶው ዙር ከሸሸ ከመቁረጡ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ኃይል፣ መገናኛ ወይም ሙቀት ነው። እስክሪብቶው ደህና ሆኖ በአየሩ ከሸሸ ወይም ከተቋረጠ ስፒንድሉ መስመሩን እየረበሸ ነው። ሁለቱንም አልፎ እንጨት ሲነካ ብቻ ከሸሸ ከአቅሙ በላይ እያሠራኸው ነው፤ ወይም የሆነ ቦታ ብሎን ላልቷል። በቃ። ሦስት ዙር ነው፤ የሚጠይቅህ ጊዜ ብቻ ነው። ቦርዱን ቀይር ያለህ ሰው ይህን ቢያደርግ ኖሮ ቦርዱ ባልተቀየረ ነበር።

ወደ ግንኙነት መቋረጡ እንሂድ። ከመዝለሉ ጋር አንድ ችግር ሊሆን ይችላል፤ ሌላም ሊሆን ይችላል። የማሽንህ ስፒንድል ባለ ብሩሽ ሞተር ነው። ብሩሹ ሲዞር ፍንጣሪ ይፈጥራል። ፍንጣሪው በገመዱ በኩል የኤሌክትሪክ ሁከት ይረጫል። የዩኤስቢ መስመር ደግሞ ለሁከት ስስ ነው። ብሩሹ ሲያልቅ ፍንጣሪው ይጨምራል፤ «መጀመሪያ ደህና ነበር» ያልከው ከዚህ ጋር ይሄዳል። በጨለማ አስነሥተህ በሞተሩ የጀርባ ቀዳዳ ብትመለከት ሰማያዊ ብልጭታ ታያለህ። ትንሽ ቢሆን ደንብ ነው። ዙሪያውን የሚያበራ ከሆነ ግን የሚቀየረው ሞተር ይኸኛው ነው፤ እሱም ርካሹ ነው።

ሞተሩን ሳትቀይር የምታደርገው አለ። 104 የሚል የተጻፈበት ትንሽ የሴራሚክ ካፓሲተር ፈልግ። 0.1 ማይክሮፋራድ ማለት ነው። ቢያንስ 50 ቮልት የሚችል ይሁን። አንዱን በስፒንድሉ ሁለት እግሮች መካከል በይደው። ከቻልክ ሁለት ጨምርና ከእያንዳንዱ እግር ወደ ሞተሩ ብረት አካል አገናኝ። ከዚያ የስፒንድሉን ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ ጠምዝዛቸው፤ ከዩኤስቢውና ከማቆሚያ ስዊቾቹ ሽቦ አርቃቸው። ብዙ ጊዜ ፋብሪካው ሁሉንም በአንድ ላይ አስሮ ነው የሚልከው፤ ለዓይን ያምራል፣ ለሥራ ግን መጥፎ ነው። የዩኤስቢ ገመዱ አጭርና ወፍራም ይሁን፤ ከአንድ ሜትር ተኩል አይለፍ፤ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ይሰካ። ገመዱ ጫፍ ላይ ጥቁር እብጠት ያለው ቢሆን ይመረጣል። ያ እብጠት ሁከት ለመምጠጥ የተሠራ ፌራይት ነው። ምናለሽ ተራ ከአሮጌ የኮምፒውተር ስክሪን ገመዶች ላይ ታገኘዋለህ። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ድሮ ፒያሳ ወርደን የምንገዛባቸው ብዙ ሱቆች ከ2016ቱ ፈረሳ ወዲህ ስለተበታተኑ ካፓሲተሩንም እዚያው መርካቶ ብትፈልግ ይሻላል።

ሶኬትህ ግራውንድ አለው? ሦስት ቀዳዳ ስላለው ብቻ አለው ማለት አይደለም። በአሮጌ ቤቶች ሦስተኛው ቀዳዳ ከኋላው ምንም የለውም። ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ ሆኖ ብረቱን ስትነካ ንዝር ንዝር ካለህ ምልክት ነው። ይህን በራስህ አትነካካ፤ ኤሌክትሪሻን ጥራ። እስከዚያው ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅለህ በባትሪ አሠራና መቋረጡ ይቀር እንደሆነ እይ። ሰጋቱራውን በቫኪዩም የምትስብ ከሆነ ደግሞ በጋ ላይ፣ አየሩ ሲደርቅ፣ የፕላስቲኩ ቱቦ በስታቲክ ይሞላል። ወደ ማሽኑ ሲፈነጥቅ ግንኙነቱ ይቆረጣል። በቱቦው ውስጥ ባዶ የመዳብ ሽቦ አሳልፈህ ከግራውንድ ጋር ብታስረው ይረጋጋል። ላፕቶፑ ኃይል ለመቆጠብ ዩኤስቢውን እንዳያጠፋ በማስተካከያው መዝጋትህንም አትርሳ። ተራ ነገር ይመስላል፤ ግን ስንት ሥራ ያበላሸ ነው።

ሜካኒካሉን ባጭሩ። ማያያዣው ላይ ያሉትን ትንንሽ ቪቴዎች ባለ ስድስት ጎን ቁልፏ አጥብቃቸው። ከዚያ በማርከር ከሞተሩ ዘንግ እስከ ማያያዣው፣ ከማያያዣው እስከ ባለ ጥርሱ ዘንግ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምር። ከሥራ በኋላ መስመሩ ከተሰበረ ተንሸራቷል። የሞተሩ ዘንግ ድፍን ክብ ከሆነ ቪቴው ደህና አይነክስም። በሞረድ ትንሽ ጠፍጠፍ አድርገው፤ ግን የብረቱ ብናኝ ሞተሩ ውስጥ እንዳይገባ በፕላስቲክ ሸፍን። ባለ ጥርሱን ዘንግ በደረቅ ጨርቅ ጥረግ፤ ግሪስ አትቀባ። ግሪስና ሰጋቱራ ተቀላቅለው ጥርሱን የሚበላ ጭቃ ይሆናሉ። ስስ ዘይት ቀብተህ መልሰህ ጥረገው፤ የቀረው ይበቃዋል።

ሙቀቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም እዚህ ከተማ ላይ ከሌላው ይብሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። አየሩ ሲሳሳ ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ይቀንሳል። ፋብሪካው «ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም» ያለው ድራይቨር እዚህ ሊግል ይችላል። ድራይቨሩ ከልክ በላይ ሲግል ራሱን ለማዳን ያጠፋል፤ ሲበርድ ይመለሳል። እንጨቱ ላይ ደረጃ በደረጃ የሚሸሽ ምስል ታያለህ፤ ያውም ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚጀምር። ቦርዱ ላይ የሚነፍስ ትንሽ ፋን አድርግ። ቦርዱ ሰጋቱራ ለብሶ ከሆነ በብሩሽ አጽዳ። ሰጋቱራ ብርድ ልብስ ነው።

ድራይቨሩ ተነቃይ ኤ4988 ከሆነ አምፔሩ የሚስተካከልበት ትንሽ ቪቴ አለው። ጎኑ ያሉት ሬዚስተሮች አር100 ከተባሉ 0.1 ኦም ናቸው፤ ቪቴው ላይ በቴስተር 0.8 ቮልት ስታነብ አንድ አምፔር ነው። አር050 ከተባሉ ለዚያው አንድ አምፔር 0.4 ቮልት ይበቃል። ሰው ሁሉ ሞተሩ ሲስት አምፔር ይጨምራል። እኔ ካልተለካ አትጨምር እላለሁ፤ የጨመርከው ሙቀት ነው ሊሆን የሚችለው። ቪቴውን ስታዞር ማሽኑ ይጥፋ፤ ካቻቢቴህ ቢንሸራተት ድራይቨሩን ይበላዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማሽኑ በርቶ እያለ የሞተር ገመድ አትንቀል፣ አትሰካ። ድራይቨር የሚገድል ነገር ቢኖር ይህ ነው። ቦርድ ቀይሮ ያ አዲሱም የሚቃጠልበት ሰው ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ስለ ሞተሩ ጥርጣሬህ ካልወጣልህ ደግሞ ያለ ወጪ ፈትነው። ማሽኑን አጥፍተህ ነቅለህ የኤክስና የዋይ (የቀኝ ግራና የፊት ኋላ) ሞተሮችን ገመድ ቦርዱ ላይ አቀያይር፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት መሆናቸውን አረጋግጥ። ከዚያ አንዱን ጎን ብቻ አንቀሳቅስ። ችግሩ ከሞተሩ ጋር ከተከተለ ሞተሩ ወይም ገመዱ ነው። እዚያው የቦርዱ ቀዳዳ ላይ ከቀረ ድራይቨሩ ነው። ሞተር መግዛት የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው።

አሁን ወደ አዲሱ ቦርድ። ቁጥሮቹን ከድሮው ወደ አዲሱ አስተላልፈሃል? በትእዛዝ መስኮቱ ሁለት የዶላር ምልክት ($$) ላክ፤ ዝርዝሩ ይወጣል። $100፣ $101 እና $102 ለየአቅጣጫው በአንድ ሚሊሜትር የሚላከው ምት ነው። ዘንግህ በዙር 4 ሚሊሜትር ከሆነ 800፣ 8 ሚሊሜትር ከሆነ 400። $2 ደግሞ 0 መሆኑን እይ። ቦርዱ ሳይፈልገው ከተቀየረ ሞተሩ አቅጣጫ በዞረ ቁጥር ጥቂት ይስታል፤ ሺህ ጊዜ ሲዞር ጥቂቱ ሚሊሜትር ይሆናል። $120 እና $121 ሞተሮቹ ምን ያህል ቶሎ ፍጥነት እንደሚያነሡ የሚወስኑ ናቸው። አዲሱ ቦርድ ከፍ አድርጎት መጥቶ ከሆነ ግማሽ አድርገው። ሥራው በጥቂት ደቂቃ ይረዝማል፤ ሞተሩ ግን አይስትም። $32 የሌዘር ነው፤ ለቅርጽ 0 ይሁን። የድሮው ቦርድ ገና ካልተጣለ ሰክተህ ዝርዝሩን ቅዳ። እውነቱን ለመናገር የድሮው ቦርድ ደህና የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ አስቀምጠው፣ መለዋወጫህ ነው።

እንጨቱ ራሱም ይሸሻል። ይህን ሰው ይረሳዋል። ጥግ ጥጉን በእርሳስ ጠረጴዛው ላይ አስምር። ከሥራ በኋላ እንጨቱ ከመስመሩ ከወጣ ማሽኑ ንጹሕ ነው፤ ማሰሪያህ ነው የላላው። ክረምት ላይ በደንብ ያልደረቀ ዋንዛ ስትቀርጸው ይጣመማል፤ ከማሰሪያው ራሱን ያላቅቃል። ለዋንዛ በዚህ ማሽን፣ በ3.175 ሚሊሜትር ፑንታ፣ በአንድ ዙር ግማሽ ሚሊሜትር ጥልቀትና በደቂቃ ከ400 እስከ 500 ሚሊሜትር ብትሄድ ይመቸዋል። የሚወጣው ደቃቅ ፍቅፋቂ ይሁን። እንደ ዱቄት የላመና የሚሸት ከሆነ ፑንታህ ደንዟል። ዋንዛን ትተህ ወይራ ከጀመርክ ደግሞ ጥልቀቱን በግማሽ ቀንስ፤ ወይራ ሌላ ዓለም ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ $1=255 አድርግ፣ መገናኛዎቹን ነካካ፣ የማርከሩን መስመር አስምር። ነገ የእስክሪብቶውን ዙር አስኪድ። ዩፒኤስ ከጎረቤት ወይም ከጓደኛ ቢሮ ለአንድ ቀን መዋስ ከቻልክ ሦስተኛውን ዙር ከእርሱ ጋርና ያለ እርሱ ሞክረው። በዩፒኤሱ ካልዘለለ ገንዘብህ የት መሄድ እንዳለበት ታውቃለህ። በዩፒኤሱም ከዘለለ የተበላሸውን እንጨት ከላይና ከጎን ፎቶ አንሣውና የ$$ ዝርዝሩን ጨምረህ ላክልኝ፤ ከዚያ ተነሥተን ወደ ድራይቨሩ እንገባለን።